መድረክ ላይ የተመሰገነ ትወና ካሜራ ፊት ለምን ይበላሻል? ሥራ ለቅቆስ ይኬዳል?

ጠያቂ፦ ከአዌቱ ማዶ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምኖረውና የምሠራው ጅማ ነው። ዕድሜዬ 26 ሲሆን በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ በሚዛንና በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከሥራ ውጭ ያለውን ጊዜዬን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የወሰደው ግን አንድ የአማተር ቴአትር ክበብ ነው፤ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሥራ፣ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በአፋን ኦሮሞ እናቀርባለን። የምናሳይበት አዳራሽ ኮርኒስ የሌለው ባለ ቆርቆሮ ክዳን ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ዝናቡ ክዳኑን መደብደብ ሲጀምር ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የተቀመጠ ተመልካች ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ቃል አይሰማም። ስለዚህ ለክበባችን አዲስ አባል የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ከዝናቡ በላይ መናገር ነው፤ እኔም ስም ያወጣሁት በዚሁ ነው። ባለፈው ነሐሴ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሆኜ ስጫወት፣ ልጄን የምረግምበት የመጨረሻው ገቢር ላይ ስንደርስ ዶፍ ወረደ፤ እኔም ቃሉን አንድ በአንድ እስከ በሩ ድረስ አሰማሁ፤ ሕዝቡም ተነሥቶ አጨበጨበልኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ በሚዘጋጅ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ለስድስት ክፍል የሚዘልቅ ሚና እንዳለ ተነግሮኝ ለሙከራ ቀረጻ ተጠራሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ተነሥቼ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ደረስኩ፤ በማግሥቱም ካሜራ ፊት ቆምኩ። የተሰጠኝ አራት መስመር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ሳልጨርስ አዘጋጁ አስቆመኝና «ማንን ነው የምትጠራው? ሰውዬው እኮ አጠገብህ ተቀምጧል» አለኝ። ቀረጻውን በትንሽዋ ስክሪን ሲያሳዩኝ ዓይኔ ፈጥጧል፣ የአንገቴ ሥር ተገትሯል፣ ቅንድቤ ከራሴ ጋር የተጣላ ይመስላል። ነሐሴ ላይ ያስጨበጨበልኝ ያው ፊት መሆኑን ለማመን ተቸገርኩ።

አልጣሉኝም፤ «ተለማመድና ኅዳር ላይ እንቀርጻለን፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አሳውቀን» ብለውኛል። ችግሩ ኅዳር የጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ወቅት መሆኑ ነው። አሠሪዬ «ከሄድክ ወንበሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል» ብለውኛል። እናቴ በግልጽ አልከለከለችኝም፤ «ለመሆኑ ደመወዙ በየወሩ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። ለመድረክ የተሠራ ተዋናይ ለካሜራ ሊታረም ይችላል ወይስ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ተሰጥኦዎች ናቸው? ደግሞስ ከአንጋፋዎቹ ሕይወት ስትነሡ፣ ሰው በትወና ብቻ ኖሮ ያውቃል?

ምላሽ፦ የመጋረጃ ጀርባ

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ተጫውቻለሁ፤ ከዚያም ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ መድረክ ላይ ቆይቼ፣ ጉልበቴ ሲደክም ተመልሼ ጅሬን ኮረብታ ግርጌ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ የቆርቆሮውን ዝናብ አውቀዋለሁ፤ እኔንም አሳስቶኛል።

ያሳሳተኝ እንዲህ ነው። ዝናብ ድምፅን አያስተምርም፤ ጉልበትን ነው የሚያስተምረው። አንተ ተመልካቹ ዘንድ የሚደርስ ነገር አለህ፤ የደረሰው ነገር ግን የድምፅህ መጠን ነው እንጂ በውስጡ ያለው የስሜት ልዩነት አይደለም። ሽማግሌው ልጁን ሲረግም፣ ከቁጣው በታች ያለውን የልብ ስብራት ዶፉ ውጦታል፤ ሕዝቡ ያጨበጨበው ዝናቡን ስላሸነፍክ ነው ብልህ አትቀየመኝ። ካሜራው ዝናቡን አነሣና የቀረውን አሳየህ።

ወጋየሁ ንጋቱን አስብ። ለመድረክ የተፈጠረ ሰው ነበር፤ ዛሬም ድረስ በየቤቱ የሚታወሰው ግን ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመተረኩ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ በኋላ ስንት አንባቢ በዓይኑ ያነበበው መሰለህ? ማንበብ የማይችለው ሕዝብ በጆሮው ያነበበው ወጋየሁ ሲተርከው ነው። እኛ ሰፈር አንድ ሬዲዮ ያለው ቤት ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ፣ ቡና የምትቆላው ሴት ሳትቀር ማማሰሉን አቁማ ስትሰማ አይቻለሁ። ያ ሰው ትልቅ አዳራሽ መሙላት የሚችል ድምፅ ይዞ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ አልጮኸም። የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት በአተነፋፈስ፣ የጉዱ ካሣን ምሬት በንግግር ፍጥነት፣ የሰብለ ወንጌልን ፍርሃት ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ባለችው ዝምታ ነበር የሚለየው። ፊቱን አላየንም፤ ሰዎቹን ግን ሁሉንም አየናቸው። ማይክሮፎንና ካሜራ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም አጠገብህ ተቀምጦ የሚሰማህ አንድ ሰው ማለት ናቸው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ ይታረማል የሚል ነው። ሁለቱ የተለያዩ ተሰጥኦዎች ቢሆኑ ኖሮ የሀገራችን ቴሌቪዥን ተዋናይ ባላገኘም ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም፤ እርሱ የመጣው በ1957 ነው። ሲመጣም ካሜራው ፊት የቆሙት እነዚያው የመድረክ ሰዎች ነበሩ፤ ያንተን ስሕተት ሁሉም ሠርተውታል።

አሁን ወደ ሥራው። ከምትወደው ቃለ ተውኔት ላይ አንድ ገጽ ምረጥ። መጀመሪያ ከአዌቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ ለቆመ ሰው እንደምትናገር ሆነህ በለው፤ ይህን ትችልበታለህ፤ ተገላገለው። ቀጥሎ ያንኑ ገጽ ጎንህ ለተኛ ሰው፣ ሌላ አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እየተጠነቀቅህ ተናገረው። ስልክህን ከፊትህ ክንድ ያህል አርቀህ አቁመህ ቅዳው። መጀመሪያ ላይ ሹክሹክታ ብቻ ይሆንብሃል፤ ቁጣው ይጠፋል። በሳምንቱ ግን ቁጣው ሳይጮኽ ይመለሳል፤ የሚመለሰውም በጉሮሮህ ሳይሆን በዓይንህ ነው። ቅንድብህን ለመቆጣጠር አትሞክር፤ ቅንድብ የሚነሣው ጉሮሮ ሲታገል ነው። ጉሮሮው ካረፈ እርሱም በቦታው ይቀመጣል።

ምላሽ፦ የፈረንጅ አራዳ ልጅ

ወንድሜ፣ እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ በተከታታይ ድራማ ቀረጻ ላይ የትዕይንቶችን ተያያዥነት በመቆጣጠር ሥራ እተዳደራለሁ። ከእኔ በፊት የጻፉት አባት ስለ ድምፅ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ከመድረክ የሚመጡ ልጆች የሚወድቁት በድምፅ ብቻ አይደለም። ድምፁን በሁለት ቀን የሚያስተካክሉ አሉ፤ የሚያደክማቸው ሌላ ነው።

መድረክ ላይ ታሪኩ ከመጋረጃ መከፈት እስከ መዘጋት በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ስሜትህም አብሮ እየሞቀ ይመጣል። ቀረጻ ላይ ግን ጠዋት የልጅህን ቀብር፣ ከምሳ በኋላ የዚያኑ ልጅ ምርቃት ልትሠራ ትችላለህ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የሚቀረጹት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ግቢው ደግሞ የተከራየው ለአንድ ቀን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕይንት ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ፣ ገጸ ባሕርይው በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ በስክሪፕቱ ጠርዝ ላይ በራስህ እጅ ጻፍ። አዘጋጁ ያስታውሰኛል ብለህ አትተማመን፤ እርሱ መብራትና ጄኔሬተር ያዋክበዋል።

ሁለተኛ፣ ያው ንግግር ደግሞ ደጋግሞ ይቀረጻል። መጀመሪያ ሁላችሁም በምትታዩበት ሰፊ ምስል፣ ቀጥሎ ካሜራው ወዳንተ ቀርቦ፣ በመጨረሻም የምታናግረው ሰው ፊት ላይ ሆኖ። ከመድረክ የመጣ ሰው ዕንባውን በመጀመሪያው ያፈሰዋል፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ሲመጣ ዓይኑ ደርቋል። አንድ ጎበዝ የመድረክ ልጅ በሰፊው ምስል ላይ ሲያለቅስ የመብራት ሠራተኛው ሳይቀር አልቅሶ፣ በቅርቡ ምስል ጊዜ ግን ዓይኑን በውኃ አርሰን የቀረጽንበት ቀን ነበር። በሰፊው ምስል ላይ ቆጥብ፤ ያ ጊዜ የአካሄድና የአቀማመጥ ነው።

ሦስተኛው የእኔው ሥራ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው። «አልሰማህም» በምትለው ቃል ላይ የቡና ሲኒውን በቀኝ እጅህ አንሥተህ ከሆነ፣ በቀጣዮቹ አምስት ድግግሞሾችም በዚያው ቃል ላይ፣ በዚያው እጅ ማንሣት አለብህ። አለበለዚያ ኤዲተሩ ምስሎቹን ሲያገጣጥም ሲኒው በአንድ ቅጽበት ከእጅህ ወደ ረከቦቱ ይዘላል። እኔ ማስታወሻ እይዛለሁ፤ ነገር ግን እጁን የሚያስታውስ ተዋናይ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ይወደዋል፤ ለሌላ ሥራ ሲጠራም ስሙ ቀድሞ ይነሣል። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት የተደረገበትን ቦታ ሳታይ መቆምን ደግሞ ቤትህ ውስጥ ልትለማመደው ትችላለህ።

ሥራ ስለ መልቀቅ ጠይቀሃል። ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው፦ ስድስቱ ክፍል ስንት የቀረጻ ቀን ነው? ስድስት ክፍል ማለት ስድስት ሳምንት ማለት አይደለም። በአንድ ቦታ የሚደረጉ የተለያዩ ክፍሎች ትዕይንቶች ተሰብስበው አንድ ላይ ስለሚቀረጹ፣ እንዳንተ ያለ ሚና ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይጠናቀቃል። ቀኑን ሳታውቅ ወንበርህን አትልቀቅ።

ውሉንም በጽሑፍ አድርገው። በክፍል ነው ወይስ በቀን የሚከፈልህ፣ ቅድመ ክፍያው ስንት ነው፣ ቀሪው መቼ ይለቀቃል፣ ከጅማ መምጫና ማደሪያህን ማን ይሸፍናል፣ ለድጋሚ ቀረጻ ብትጠራስ፣ ምስልህ ለማስታወቂያ ቢውልስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ብሎ ለሚጠራው ለእንዳንተ ያለ ሰው መብት ሰጥቶታል፤ ሆኖም አንዴ ተቀርጸህ ከሄድክ በኋላ የሚያከራክርህ የፈረምከው ወረቀት ነው። ለመመዝገቢያ ወይም ለሥልጠና ብር አምጣ የሚልህ ካለ ግን ንግግሩን እዚያው አቁም፤ ተዋናይ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም።

ምላሽ፦ የጀንፈል ሒሳብ

ደስ የማይለውን መናገር የእኔ ድርሻ ይሁን። ከላይ የጻፉት ሁለቱም ሙያውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ተመልካች እንጂ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን የእናትህ ጥያቄ ከሁሉም ጥያቄ በላይ ነው፤ እስካሁንም ማንም አልመለሰላትም።

መልሱ በየወሩ አይደለም ነው። በቴአትር ቤት በቋሚነት የተቀጠረ ተዋናይ የወር ደመወዝ አለው፤ ከቴአትር ቤት ውጭ ያለው ግን ሥራ ሲኖር ይበላል፣ ስፖንሰር ሲጠፋ ድራማው ይቆማል፣ እርሱም አብሮ ይቆማል። ዝና ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። አርቲስት ፈቃዱ ተክለማርያም ከመድረክ እስከ ፊልም ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ግን ለሕክምናው ከሕዝብ ገንዘብ እስከ ማሰባሰብ ተደርሷል፤ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አረፈ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራህ ሳይሆን ሙያው ከኋላው የሚደግፈው ግድግዳ ቀጭን መሆኑን እንድታውቅ ነው።

ደግሞም ከአንጋፋዎቹ አብዛኞቹ በትወና ብቻ አልኖሩም። ተስፋዬ ገሠሠ አሜሪካ ሄዶ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ተዋናይ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጸሐፌ ተውኔት፣ አዘጋጅ፣ የሀገር ፍቅርም የብሔራዊ ቴአትርም ሥራ አስኪያጅ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ«ሰው ለሰው» ድራማ አስናቀ ሆኖ ስንቱን ቤት ያስጨነቀው አበበ ባልቻ የሕግ ባለሙያ ነው። (እናቴ እስከ ዛሬ አስናቀ እያለች ነው የምትጠራው፤ ዜና ላይ እንኳ ቢታይ ስለ ተንኮሉ ታስጠነቅቀኛለች።) ሁለቱም ሌላ ሙያ መያዛቸው ትወናቸውን አላሳነሰውም። እንዲያውም ሁለተኛ ሙያ ያለው ተዋናይ መጥፎ ስክሪፕት ሲቀርብለት እንቢ ለማለት አቅም ያገኛል ብዬ አምናለሁ። የመጋዘኑን ሚዛን እንደ እስር ቤት አትየው።

ዕድሉ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም አይዋጥልኝም። አንተ በሁለት ቋንቋ መድረክ ላይ የቆምክ ሰው ነህ። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤት አዳማ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ የሚሠራ ድራማም እየበዛ ነው። በአማርኛው ገበያ አንተን መሰል ብዙ ተሰላፊ አለ፤ ሁለቱንም ቋንቋ ያለ አነጋገር ችግር የሚጫወት ግን ጥቂት ነው። እዚሁ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ፤ ስለ ወጋየሁ የተባለው እውነት ከሆነ፣ ክበባችሁ አጫጭር የሬዲዮ ድራማ አዘጋጅቶ ቢያቀርብ ከማንኛውም ሥልጠና የተሻለ ማይክሮፎን ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱም አንድ ቀን ይጨምራል። አራተኛ ዓመትህን ከያዝክ 17 ቀን ይኖርሃል ማለት ነው። ጊዜውን የሚያወጡት አሠሪህ ስለሆኑ በጀንፈል ወቅት እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ «ልሄድ ነው» ብሎ መንገርና «ፈቃዴን ከፋፍለው ይስጡኝ» ብሎ መጠየቅ ግን አንድ አይደለም።

ከጠያቂው፦ ከአዌቱ ማዶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለት ቀን የጠፋሁት የተባልኩትን ሳልሞክር መመለስ ስላሳፈረኝ ነው።

ጋሼ፣ ያሉኝን አድርጌያለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቅጂዎች እንደ ጸሎት የሚያነበንብ ሰው ናቸው። በአምስተኛው ቀን ሌሊት ታናሽ እኅቴ እውነትም አጠገቤ ተኝታ ነበር፤ እንዳትነቃብኝ እየፈራሁ የእርግማኑን ንግግር ስለው «ከቤቴ ውጣ» የሚለው ቃል ላይ ድምፄ ተሰበረ። አዳራሹ ውስጥ ያንን ቃል ስንት ጊዜ ጮኼው ትርጉሙን እንዳላወቅሁ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሽማግሌው ልጁ እንዲወጣ አይፈልግም ነበር። ቅጂውን ሳየው ቅንድቤ አልተነሣም።

የፈረንጅ አራዳዋ እኅቴ፣ የቀረጻውን ቀን አዘጋጆቹን ጠየቅኳቸው። ዘጠኝ ቀን ነው፤ በሁለት ዙር፣ አምስቱ ኅዳር መጀመሪያ፣ አራቱ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ። ውሉን እንዲልኩልኝ ጠይቄ ልከውልኛል፤ ስለ ማደሪያና ስለ ድጋሚ ቀረጻ የሚለው ነገር ስለሌለ ይጨመርልኝ ብዬ ጽፌ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ወደ ኋላዬ ስራመድ እናቴ አይታ ምን እንደነካኝ ጠየቀች።

አሠሪዬንም አነጋገርኳቸው። ኅዳር ላይ ከሦስት ቀን በላይ አይሆንም አሉ፤ የታኅሣሡን ግን ፈቅደዋል። የቀሩትን ሁለት ቀናት በእሑድ ሥራ እንድክስ ጠይቄ «እናያለን» ብለውኛል፤ እርሳቸው «እናያለን» ካሉ ግማሹን ፈቅደዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ አለቅም። ስለ ሬዲዮው ለክበቡ ነግሬ ሦስት ልጆች ተስማምተዋል፤ በአፋን ኦሮሞ የምንጀምረው አንድ አጭር ሥራ አለ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የእርግማኑ ንግግር አሁን ለካሜራ ገብቶልኛል፤ በጥር ግን ያንኑ ተውኔት አዳራሹ ውስጥ ደግመን እናሳያለን። እዚያስ ወደ ጩኸቱ ልመለስ?

ምላሽ፦ የመጋረጃ ጀርባ

ጥር ላይ ዝናቡ ጋብ ይላል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሰበብ የለህም። ድምፅህን ለኋለኛው ረድፍ አድርስ፤ ስብራቱን ግን አትጣለው። እንዴት ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሄዱ በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም፤ ማሳየት ግን እችላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጂፕ አካባቢ እሆናለሁ፤ በዚህ ገጽ የግል መልእክት ላክልኝና እንገናኝ። ያንን ገጽ ያዝ፣ ስልክህንም ቻርጅ አድርገህ ና። የእርግማኑን ንግግር እኔ ልጅህ ሆኜ ቆሜ እሰማሃለሁ፤ መጀመሪያ ከሁለት እርምጃ፣ ከዚያ ከመንገዱ ማዶ።